ላባቸው እስኪበቅል

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ታኅሣሥ 1991 ዓ.ም.

ውድ እህቴ ሄራን፣

«እንደምን ሰነበትሽ» ብዬ አልጀምርም። እንዴት እንደሰነበትሽ አውቃለሁ፤ አሁን እንዴት እንደሆንሽም አውቃለሁ። ይህን ወረቀት እትዬ ፋናዬ ከቦርሳቸው አውጥተው የሚሰጡሽ እሳቸውና ጋሽ ግርማቸው መርዶውን ከነገሩሽ በኋላ ነው። እንዲያ ተባብለናል። ስለዚህ እኔም ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። አባባ ሞቷል። የሞተው ዛሬ ወይም ትናንት አይደለም፤ በጥቅምት መግቢያ ነው፣ አንቺ ማራኪን በወለድሽ ሰሞን። እኔ እህትሽ መብራት ይህን እያወቅሁ ስልክ እያነሳሁ ስስቅልሽ ነበር።

አልቅሺ። ቢሩክ ልጅቷን ይያዝልሽና እስኪወጣልሽ አልቅሺ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ። ሲወጣልሽ ግን ይህን እስከ መጨረሻው አንብቢው። የምጽፍልሽ ለራሴ ይቅርታ ልለምን ብቻ አይደለም። ባለፈው እሑድ ስልኩን ስትዘጊብኝ ስለ አባባ ያልሽው ነገር አለ። ባላጠፋው ጥፋት ቂም ይዘሽበታል። እኔን ብትጠዪኝ እችለዋለሁ፤ እሱን ግን እንዲህ ሆነሽበት ዝም ማለት አልችልም።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። አንቺ አግብተሽ ወደ ሚኒያፖሊስ ከሄድሽ በኋላ አባባ ሬይኖልድስበርግ ባለው አፓርታማችን ውስጥ ብቻውን መዋል ጀመረ። እኔ ሽማግሌ የሚጦርበት ነርሲንግ ሆም ውስጥ ደብል ሺፍት ስሠራ፣ እሱ መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ፓርኪንጉ ውስጥ የሰው መኪና ሲገባና ሲወጣ ሲያይ ይውላል። ማታ ስገባ «ቀዩ መኪና ዛሬ አልወጣም፤ ሰውየውን አሞት ይሆን?» ይለኛል። አንጀቴን ይበላኝ ነበር። አብራኝ የምትሠራ ፈረንጅ «ወፎች የሚጠበቁበት ሐይቅ አለ፣ ለምን አትወስጂውም?» አለችኝና አንድ ቅዳሜ ኦፍ ስሆን ወሰድኩት።

ቦታውን አታውቂውም። ከከተማው ወደ ሰሜን ከአንድ ሰዓት በላይ ያስነዳል። ዛፍ የሚባል የለም፤ ሣር ብቻ ነው፣ ሰው የሚውጥ ሣር፣ መሐሉ ላይ ሐይቁ ተኝቷል። እዚያ መተኮስ ክልክል ነው። ከካናዳ የሚመጡት ወፎች ወደ ደቡብ ሲሄዱ ያርፉበታል፤ ሌሎቹ ደግሞ እዚያው ይፈለፍላሉ። አባባ ከመኪናው ወርዶ ዝይዎቹን እንዳየ ኮፍያውን አወለቀ። «እነዚህንማ አውቃቸዋለሁ» አለ። «መስከረም ሲጠባ ዝዋይ የሚመጡት እኮ እነሱ ናቸው።»

አይደሉም ብዬ ብነግረው እምቢ አለ። ሊንዳ የምትባለው ጠባቂ ካርታ ዘርግታ ወደ ደቡብ፣ ወደ ኬንታኪ ግዛት እንደሚሄዱ አሳየችው፤ እኔ አስተረጎምኩ። አባባ ወደ እኔ ዞሮ «ኬንታኪ የዶሮ ጥብስ ቤት አይደለም እንዴ?» አለኝ። ከዚያ ሴትዮዋን በሐዘኔታ አየት አደረጋትና «ልጅ ናት፤ ሁሉን አልነገሯትም» አለ። ሊንዳ ሃምሳን አልፋለች። እስከ ሞተበት ቀን ድረስ ሐሳቡን አልቀየረም። እኔም መከራከሩን ተውኩት። ከዚያ መስኮት ያስነሣው ያ ስህተቱ ነበርና እሰይ ነው ያልኩት።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ የሐይቅ ቀን ሆነ። ባለፈው ሰኔ ሊንዳ «ለሥራ የሚያግዘን ሰው እንፈልጋለን» አለችን። ዝይ በሰኔ የክንፉን ላባ በሙሉ ይጥላል፤ አዲሱ እስኪበቅል ድረስ መብረር አይችልም። ጠባቂዎቹ ይህን ጊዜ ጠብቀው በእግር እየነዱ በረት ውስጥ ያስገቧቸውና እግራቸው ላይ ቀለበት ያስሩላቸዋል። ሰው ተሰልፎ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ድምፅ ሳያሰማ ቀስ እያለ ነው የሚነዳቸው። አባባ ኮትና ከረባት አድርጎ መጣ። ሌላው ሰው ሁሉ ጭቃ ለብሷል። ማታ ዶሮ ወደ ቆጥ እንደሚያስገባ ሰው እጁን ዘርግቶ «ሽ… ሽ…» እያለ ሲሄድ ብታዪው ኖሮ በሳቅ ትሞቺ ነበር። ፈረንጆቹም እሱን እያዩ «ሽ… ሽ…» ማለት ጀመሩ።

ሊያልቅ ሲል ከሰልፉ አንዱ ጎረምሳ ቸኮለና ጮኸ። ዝይዎቹ ደንግጠው አንዱ በሌላው ላይ ተደራረበ። ሁለት ጫጩቶች ከሥር ታፍነው ሞቱ። አባባ አንዷን አንስቶ በመሐረቡ ሸፈናት።

በመመለሻችን መኪና ውስጥ ስለ እማማ አነሳሁበት። ለምን ያን ቀን እንዳነሳሁት አላውቅም፤ ዓመታት ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር ነው። እማማ ስትሞት አንቺ ሕፃን ነበርሽ፤ እኔ ደግሞ ካርቱም ነበርኩ፣ ወረቀት የሌለኝ ስደተኛ። አባባ እንዳትነግሩኝ ብሎ ዘመዱን ሁሉ ቃል አስገባ። ዓመት ሙሉ «እናትሽ ደህና ናት» የሚል ደብዳቤ ሲመጣልኝ ቆየ። በኋላ ገበያ ውስጥ አንድ የዝዋይ ሰው አገኘኝና የማውቅ መስሎት «እናትሽን ነፍስ ይማር» አለኝ። ሰውየው በፌስታል ቲማቲም ይዞ ነበር። ያ ቲማቲም እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም። አባባን በዚህ ተቀይሜው እንደኖርኩ አንቺ አታውቂም። ያን ቀን ግን «ለምን?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ላባሽ አልበቀለም ነበር» አለኝ። «ብቻሽን ነሽ፣ የሰው አገር ነሽ፣ ስትወድቂ የሚይዝሽ የለም። መብረር በማይችል ወፍ ላይ አይጮኽም። ሲጮኽ አየሽ አይደል የሆነውን?»

«ቢሆንም ማወቅ ነበረብኝ» አልኩት። «እናቴ እኮ ናት።»

«ይሆናል» አለ።

አንቺ ታውቂዋለሽ፣ አባባ «ተሳስቻለሁ» ማለት አይሆንለትም፤ «ይሆናል» ካለ ብዙ አለ ማለት ነው። ልቤ አልሞላም፤ ግን የቀረውን መንገድ እጁን ይዤ ነዳሁ።

አንቺ የወለድሽ ዕለት ቢሩክ ደውሎ ስልኩን ወደ ሕፃኗ አስጠጋው። ስታለቅስ አባባ ሰማት። ስልኩን በሁለት እጁ ጆሮው ላይ ለጥፎ «ይቺማ ማራኪ ናት፤ ማራኪ በሏት» አለ። እሷ ጸጥ ካለች በኋላም ስልኩን አልመልስም አለኝ። በቀጣዩ ቅዳሜ ሐይቁ ጋ ስንደርስ ሊንዳን ገና ከሩቅ ሲያያት በሚችላት እንግሊዝኛ «ቤቢ! ቤቢ!» አላት። ሴትዮዋ ሮጣ መጥታ አቀፈችው።

የሞተው ከዚያ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ነው። ጠዋት ብርድ ነበር፤ አንቺ የላክሽለትን ግራጫ ሹራብ ለብሷል። ወፍ የሚታይበት የእንጨት ሰገነት ላይ ቆመን ሳለ ከሰሜን የመጡት ዝይዎች እየተንጫጩ ውሃው ላይ ማረፍ ጀመሩ። «ደረሱ» አለ፣ ዘመድ የመጣበት ሰው ይመስል። ትንሽ ቆይቶ «መብሪ፣ እስቲ ልቀመጥ» አለኝ። አግዳሚው ላይ አስቀመጥኩት። ፊቱ ላቦት አየሁ። ደረቱን በእጁ ይዟል። ሊንዳን ጠራኋት፤ በሬዲዮዋ አምቡላንስ ጠራች። እኔ ሥራዬ ሽማግሌ ማስታመም ነው፤ ምን እንደሆነ ገባኝ።

«አባባ፣ አይዞህ፣ መጡ» አልኩት።

«አመመው ብለሽ ሄራንን እንዳታስደነግጫት» አለኝ። «አራስ ናት።»

የመጨረሻ ቃሉ ይሄ ነው። አምቡላንሱ ሲደርስ ሄዶ ነበር።

ሄራን፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዚህ ቃል ጋር እየተሟገትኩ ነው። ያለው ስለ ሕመሙ ነው። ስለ ሞቱ አላለም፤ እንደሚሞት አውቆ ይሁን ሳያውቅ እኔ ምኑን አውቄ። ቃሉ እስከ የት ድረስ እንደሚሄድ የምጠይቀው ሰው ደግሞ እሱ ብቻ ነበር።

ለቅሶ ቤት ጋሽ ግርማቸው ተነሥተው «አራስ መርዶ አይነገራትም፤ ድንጋጤ ጡት ያደርቃል፤ ክርስትናው ይለፍ» አሉ። የተሰበሰበው ሁሉ ልክ ነው አለ። ቢሩክም በስልክ እያለቀሰ እሺ አለ፤ ስለዚህ ባልሽን ብቻውን አትቆጪው። እኔስ? የዚያ ሰውዬ ቲማቲም እየታየኝ፣ የአባባ ቃል ጆሮዬ ውስጥ እያቃጨለ፣ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። «አይሆንም፣ እህቴ አባቷን ትቅበር» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ በመሐረብ የተሸፈነችው ጫጩት ትዝ አለችኝ። ጡትሽ ቢደርቅስ? ልጅቷ አንድ ነገር ብትሆንስ? ማን ነበር የሚችለው?

የቀበርነው ከሐይቁ ማዶ ባለች የገበሬዎች መቃብር ውስጥ ነው። በበጋ በዚያ ስናልፍ «እዚህ ቢሆን አይከፋም፤ ዝይዎቹ ይንጫጩበታል፣ ሰው ብቸኝነት አይሰማውም» ብሎኝ ነበር። ቄሱ ከኮሎምበስ መጥተው ፍትሐቱን አደረሱለት። ከነጭ ልብሱ ሥር ሹራብሽን እንዲያለብሱት አደረግሁ። ይህን ሁሉ ያደረግሁት ሳላማክርሽ ነው። በዚህ ብትወቅሺኝ ይገባኛል።

ከዚያ አንቺ መደወል ጀመርሽ። «አባባ የት ነው?» «ሰው ወስዶት ሐይቁ ጋ ነው።» በሌላ ቀን ደግሞ «ተኝቷል» እልሻለሁ። እዚያ ስልክ እንደሌለ ስለምታውቂ አመንሽኝ። «እሱ ሰውዬ የውሃ ወፍ ሆኖ ይቀራል» ብለሽ ሳቅሽ። እኔም ሳቅሁ። ስልኩን ዘግቼ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን እከፍተዋለሁ፣ ጎረቤት ለቅሶዬን እንዳይሰማ።

የማራኪን ፎቶ የላክሽ ጊዜ «አሳየሽው ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። አፌ «አሳየዋለሁ» አለ። በማግሥቱ ከሥራ ቀርቼ ሄድኩ። ድንጋዩ ገና አልቆመለትም፤ አፈሩ ቀዝቅዞ እንደ ሲሚንቶ ጠጥሯል። ተንበርክኬ ፎቶውን ወደ አፈሩ ዘረጋሁት። «አባባ፣ ይቻትልህ። አፍንጫዋ ያንተ ነው፤ እግዜር ይሁናት» አልኩት። ነፋሱ ፎቶውን ሊነጥቀኝ ሲታገል ሊንዳ መኪናዋን አቁማ መጣች። ኮፍያዋን አውልቃ አየችውና ቀስ ብላ «ቤቢ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ሁለታችንም እዚያው አለቀስን። ፎቶው ጥጉ ላይ ጭቃ ነክቶታል፤ አልጠረግሁትም።

ክርስትናው ሲቃረብ «መቼ ትመጣላችሁ?» ማለት አበዛሽ። «እሱ አይችልም» አልኩሽ። «ለምን አይችልም?» ስትዪኝ ወሬ ቀየርኩብሽ። ለእኔም «ሥራ አለኝ» አልኩሽ። ሥራ አልነበረኝም። ፊትሽን እያየሁ መደበቅ ስለማልችል ነው የቀረሁት። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስሽ ደወልሽ። ከኋላሽ የሰው እልልታ ይሰማኛል። አንቺ ግን ድምፅሽ ደርቋል። «ንገሪው» አልሽኝ፤ «ከልጄ ወፎቹ ከበለጡበት እዚያው ይሁን። ከእንግዲህ እኔም አባት የለኝም በይው።» ጥርቅም አድርገሽ ዘጋሽብኝ።

እውነትሽን ነበር፣ አባት የለሽም፤ አንቺ ባልሽው መንገድ ግን አልነበረም።

ሄራን፣ አልበለጡበትም። ስሚኝ፣ አልበለጡበትም። ማራኪ የተወለደች ዕለት ማታ ሻንጣውን ከቁም ሣጥኑ አወረደ። «አባባ፣ ክርስትናው እኮ ገና ነው» ስለው «አንቺ ምን አለብሽ፣ ትረሺዋለሽ» አለኝ። ሙሉ ልብሱን አጣጥፎ ከተተ። እትዬ ፋናዬ መደብር ወስደውት የገዛው የሕፃን ቀሚስ አለ፤ ሁለት ዓመት ሲሞላት እንኳ የሚሰፋት። «ታድግ የለ እንዴ» አለኝ። ጫማውን ጠርጎ በጋዜጣ ጠቀለለው። ሻንጣውን ከአልጋው ሥር አድርጎ በየጠዋቱ በእግሩ ነካ እያደረገ መኖሩን ያረጋግጥ ነበር። እኔ አልከፈትኩትም፤ እንደዘጋው ነው። መቼ እንደሚሄድ እንጂ መሄዱን አንድም ቀን ተጠራጥሮ አያውቅም።

ይህን የምጽፈው ከሥራ ገብቼ ማዕድ ቤት ጠረጴዛው ላይ ሆኜ ነው። ነገ ሁለቱን ሽማግሌዎች ጭኜ እነዳለሁ። ጋሽ ግርማቸው ከወዲሁ አስጠንቅቀውኛል፤ «አንቺ እንዳትገቢ፤ ፊትሽን ስታይ ሳንነግራት ታውቀዋለች፤ በወጉ ይነገራት» ብለውኛል። ለእሳቸው መታዘዜ ለመጨረሻ ጊዜ ነው። ጎህ ሲቀድ በርሽን የሚያንኳኩት እነሱ ናቸው። እኔ ከቤትሽ ፊት ለፊት በቆመችው ሰማያዊ ቶዮታ ውስጥ ነኝ። መጋረጃውን ብትገልጪው ታዪኛለሽ። ሻንጣው ኋላ ወንበር ላይ ነው።

ነግሬሽ ቢሆን ይሻል ነበር? አላውቅም። ላባሽ በቅሎ ነበር ወይስ አልበቀለም፣ ይህን ከአንቺ በቀር ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር፤ አንቺን ደግሞ አልጠየቅንሽም። ማወቅ ነበረብኝ ብትዪኝ፣ እኔ እንደ አባባ «ይሆናል» ብዬ አላልፍሽም። ነበረብሽ። እኔ ካርቱም ሆኜ ያለቀስኩትን ለቅሶ አንቺም እንድታለቅሺው አደረግሁሽ፤ ለብቻሽ፣ ሰው ሁሉ አልቅሶ ከጨረሰ በኋላ።

አልጠራሽኝም ብዬ አልቀየምሽም። መኪናው ውስጥ እጠብቃለሁ። መሽቶም ካልወጣሽ ሻንጣውን በርሽ ላይ አስቀምጬ እመለሳለሁ፤ በሰኔ ዝይዎቹ ላባቸውን ሲጥሉ ደግሞ ሐይቁ ጋ እጠብቅሻለሁ፣ በየዓመቱ። ልትሰድቢኝ ከፈለግሽ ግን አሁኑኑ ውጪና ስደቢኝ፤ ለቅሶው ሁለታችንን ይጠብቃል።

ብቻ ውጭው በረዶ ነው። ስትወጪ ልብስ ደርቢ፣ አራስ ነሽ።

በርሽ ፊት ያለሁት
እህትሽ መብራት ሀብተማርያም